የጥገና ዕቃ ካታሎግ የማን ሥራ ነው? የወሎ ተቋማት እና የመለዋወጫ አያያዝ

በደሴ፣ በኮምቦልቻ ወይም በወልድያ በሚገኝ ሆስፒታል፣ ኮሌጅ ወይም ሆቴል ውስጥ የተበላሸ ነገር ሳይጠገን ሳምንታት ሲያልፉ ከጥገና ክፍሉ የሚሰማው ምክንያት አብዛኛውን ጊዜ «ዕቃ የለም» የሚል ነው። ይህ አጭር መልስ ሦስት የተለያዩ ችግሮችን አንድ ላይ ይሸፍናል። አንዳንዴ ዕቃው በእርግጥም በግምጃ ቤቱ የለም። አንዳንዴ መደርደሪያው ላይ ተቀምጦ ሳለ በሌላ ስም ስለተመዘገበ የሚያገኘው ሰው ይጠፋል። አንዳንዴ ደግሞ ተጠይቆ፣ ተፈቅዶ፣ ተገዝቶ ከመጣ በኋላ ከተበላሸው ጋር የማይገጥም ሆኖ ይገኝና ወደ ግምጃ ቤት ይመለሳል፤ በዚያም ማንም የማይጠይቀው ንብረት ሆኖ በየዓመቱ ይቆጠራል። የመጀመሪያው የበጀት ችግር ነው። የኋለኞቹ ሁለቱ ግን በጀት ቢጨመርም አይፈቱም፤ እንዲያውም የማይገጥመው ዕቃ በብዛት ስለሚገዛ ይባባሳሉ። የካታሎግ፣ ማለትም እያንዳንዱ ዕቃ ምን እንደሆነና የት እንደሚገጥም የሚገልጸው ዝርዝር መዝገብ፣ ችግሮች ናቸው።

የመንግሥት መሥሪያ ቤት የንብረት ክፍል የራሱ የወረቀት ሥርዓት አለው። ዕቃ ሲገባ በሞዴል 19 ገቢ ይደረጋል፤ የሚፈልገው ክፍል በሞዴል 20 ይጠይቃል፤ ሲፈቀድ በሞዴል 22 ወጪ ይሆናል፤ በመደርደሪያው ላይ የተንጠለጠለው ቢን ካርድ ደግሞ ገቢውን፣ ወጪውንና ቀሪውን ያሳያል። (ቀሪው ከመደርደሪያው ጋር የሚስማማው ኦዲተር በሚመጣበት ሳምንት ብቻ እንደሆነ በግምጃ ቤት የሠራ ሰው ሁሉ ያውቃል።) ይህ ሥርዓት የተዘረጋው ንብረት ሳይታወቅ እንዳይወጣና ተጠያቂው እንዲለይ ሲሆን ለዚያ ዓላማው መጥፎ አይደለም። ካታሎግ የሚመልሳቸው ጥያቄዎች ግን ሌሎች ናቸው፦ ዕቃው በትክክል ምንድን ነው? የትኛው ሕንፃ፣ የትኛው ፓምፕ ወይም የትኛው በር ላይ ይገጥማል? ባይገኝ በምን ይተካል? ከየት፣ በስንት ቀን ይመጣል? ሞዴሎቹ በሙሉ በትክክል ተሞልተው ለእነዚህ ጥያቄዎች አንድም መልስ ላይገኝ ይችላል፤ በብዙ ተቋማት ያለው ሁኔታም ይኸው ነው።

ጉድለቱ የሚጀምረው ከመጠየቂያው ነው። የቧንቧ ሠራተኛው በሞዴል 20 ላይ «ግማሽ ኢንች ኤልቦ፣ 20 ፍሬ» ብሎ ይጽፋል፤ ኤልቦ የቧንቧ መስመር የሚታጠፍበት መገጣጠሚያ ነው። እሱ የሚያስበው የትኛውን እንደሆነ ያውቀዋል፤ ለብዙ ዓመት በእጁ ሲፈታውና ሲያስረው የኖረ ነው። ወረቀቱ ወደ ግዥ ክፍል ሲሄድ ግን ያ ዕውቀት አብሮ አይሄድም። የግዥ ሠራተኛው ከሦስት ሱቅ ፕሮፎርማ ይሰበስባል፤ አንዱ ባለ ሱቅ የብረቱን፣ ሌላው የፕላስቲኩን፣ ሦስተኛው ደግሞ ከፕላስቲኩም ስስ የሆነውን አስቦ ዋጋ ይሞላል፤ ዝቅተኛ ዋጋ ያቀረበው ያሸንፋል። በዚህ አካሄድ ማንም ሕግ አልጣሰም፤ ማንም ጉቦ አልበላም። በዝርዝር ያልተገለጸ ዕቃ በርካሹ ትርጉም መገዛቱ የዝቅተኛ ዋጋ ውድድር ባሕርይ ነው።

ይህ የቧንቧ ነገር ትንሽ ይብራራ፤ ምክንያቱም ኪሳራው በአንድ ኤልቦ ዋጋ አያበቃም። በአሮጌዎቹ የደሴ ሕንፃዎች ያለው የውሃ መስመር ጋልቫናይዝድ ብረት ሲሆን፣ በቅርብ ዓመታት የተሠሩትና የታደሱት በሙቀት የሚበየደውን ፒፒአር የተባለ የፕላስቲክ ቧንቧ ይጠቀማሉ፤ በብዙ ግቢዎችም ሁለቱ ተቀላቅለው ይገኛሉ። የብረቱ ቧንቧ የሚጠራው በኢንች ነው። ግማሽ ኢንች የሚባለው የውጭ ስፋቱ 21.3 ሚሊሜትር፣ መካከለኛ ውፍረት ባለው ዓይነት ደግሞ የውስጥ ክፍተቱ 16 ሚሊሜትር ያህል ነው፤ ስለዚህ ስሙ ከሚያመለክተው 12.7 ሚሊሜትር ጋር በውጭም በውስጥም አይገናኝም። ፒፒአር በአንጻሩ የሚጠራው በውጭ ስፋቱ፣ በሚሊሜትር ነው። 20 ሚሊሜትሩ የግማሽ ኢንቹ ምትክ ተብሎ ይሸጣል፤ ነገር ግን 20 ባር ግፊት እንዲችል የተሠራው ዓይነት ግድግዳው 3.4 ሚሊሜትር ስለሚወፍር ለውሃው የሚቀረው ክፍተት 13.2 ሚሊሜትር ብቻ ነው። በካሬ ሚሊሜትር ሲሰላ የውሃው መተላለፊያ ከብረቱ በሲሶ ይጠባል። መስመሩ ረጅም በሆነበት ወይም ውሃው ሦስተኛ ፎቅ በሚወጣበት ሕንፃ ላይ ይህ ለውጥ በቀጥታ ይታያል፤ ውሃው ይቀጥናል፣ ተጠቃሚው ያማርራል፣ የጥገና ክፍሉም ፓምፑን ይጠረጥራል። ከዚያ የሚከተለው የፓምፕ ግዥ ነው። ለብረቱ ተቀራራቢው ምትክ ውስጡ 16.6 ሚሊሜትር የሆነው 25 ሚሊሜትሩ ፒፒአር መሆኑን የሚናገር አንድ መስመር በካታሎጉ ውስጥ ቢኖር ኖሮ ይህ ሁሉ ባልተፈጠረ ነበር።

በሆስፒታሎች ላይ ሌላም ተጨማሪ ጣጣ አለ። በእኛ ገበያ የተለመደው የቧንቧ ጥርስ የእንግሊዙ ነው፤ በዕርዳታ የሚመጡ መሣሪያዎች ግን የአሜሪካውን ጥርስ ይዘው ሊመጡ ይችላሉ። በአንድ ኢንች ቧንቧ ላይ የእንግሊዙ በኢንች 11፣ የአሜሪካው 11.5 ጥርስ ስላለው ልዩነቱ ሲታሰር ወዲያው ይታወቃል፤ ጥቂት ዞሮ ይቆማል። በግማሽ ኢንች ላይ ግን ሁለቱም 14 ናቸው፤ የሚለያዩት በጥርሱ ማዕዘን፣ 55 እና 60 ዲግሪ በመሆን ነው። ስለዚህ የሚገጥሙ ይመስላሉ፤ ቴፍሎን ተጠቅልሎባቸው ይታሰራሉ፤ ከጥቂት ጊዜ በኋላም ያንጠባጥባሉ። የማጠቢያ ወይም የማምከኛ መሣሪያ ያለው ሆስፒታል በካታሎጉ ውስጥ ለእያንዳንዱ መሣሪያ የጥርሱን ዓይነት ካልመዘገበ በስተቀር፣ አዲስ የሚቀጠር ባለሙያ ይህን ነገር እንደገና በውሃ መፍሰስ ይማረዋል።

ቆርቆሮ ላይም ነገሩ ተመሳሳይ ነው፤ ባጭሩ ልለፈው። ጌጅ የሚባለው የውፍረት መለኪያ ቁጥሩ ሲጨምር ቆርቆሮው እንደሚቀጥን ብዙ ሰው ያውቃል፤ በእንግሊዙ መለኪያ 28 ጌጅ 0.376 ሚሊሜትር ሲሆን 32 ጌጅ 0.274 ነው፤ ይኸውም ከሩብ በላይ ይቀጥናል። ብዙ ሰው የማያስተውለው፣ በአሜሪካው የጋልቫናይዝድ መለኪያ 28 ጌጅ 0.47 ሚሊሜትር ገደማ መሆኑን ነው። ስለዚህ በካታሎግ ውስጥ ጌጅ የሚለው ቃል ብቻውን መቆም የለበትም፤ ውፍረቱ በሚሊሜትር ይጻፍ። እንደ ደሴ ክረምቱ ብርቱ በሆነበት ከተማ የጣሪያ ዕቃ ዓመታዊ ፍላጎት ከሰኔ በፊት ታውቆ መገዛት ሲኖርበት፣ የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ስለሚዘጋ ግዥው በሰኔ ጥድፊያ ውስጥ ይወድቃል፤ በጥድፊያ የሚገዛ ዕቃ ደግሞ ማንም በካሊፐር አይለካውም።

ጥሩ የካታሎግ መግለጫ ከመግዣነቱ በተጨማሪ መረካከቢያ መሆን ይችላል። የኤሌክትሪክ ሽቦን እንመልከት። ለሶኬት መስመር የሚውለው 2.5 ስኩዌር (ስኩዌር ሚሊሜትር) ነጠላ ሽቦ በ100 ሜትር ጥቅል ይሸጣል። በዚህ ርዝመት ውስጥ ያለው መዳብ 250 ኪዩቢክ ሴንቲሜትር ነው፤ የመዳብ እፍጋት በአንድ ኪዩቢክ ሴንቲሜትር 8.96 ግራም ስለሆነ መዳቡ ብቻውን 2.24 ኪሎ ይመዝናል። ስለዚህ ከነፕላስቲኩ ሁለት ኪሎ የማይሞላ ጥቅል ወይ ስኩዌሩ የጎደለ ነው፣ ወይ ርዝመቱ አልሞላም፣ ወይም መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም ነው። ይህን ለማወቅ ላቦራቶሪ አያስፈልግም፤ የግምጃ ቤት ሚዛን ይበቃል። ሆኖም የተረካካቢው ኮሚቴ ሚዛን ላይ የሚያስቀምጠው «ከ2.24 ኪሎ በታች አይቀበሉ» የሚል መስመር በመግለጫው ውስጥ ሲኖርና ያው መስመር በጨረታው ወይም በፕሮፎርማው ላይ ሰፍሮ ሲወጣ ነው። ካልሆነ ግን ሞዴል 19 የሚመዘግበው «ሽቦ 2.5፣ 10 ጥቅል» ብቻ ነው፤ በወረቀት ደረጃም ሁሉም ነገር ትክክል ነው።

እዚህ ላይ የጥገና ባለሙያዎች የሚያነሱት ቅሬታ አለ፤ ተገቢም ነው። የሚፈልጉትን የሚያውቁት በፋብሪካ ስም ነው፤ የመንግሥት ግዥ ሕግ ደግሞ መግለጫ በአንድ ፋብሪካ ስም እንዳይጻፍ፣ ሌላ መግለጫ ከጠፋና ስሙ የግድ ከሆነም «ወይም ተመጣጣኝ» የሚል ቃል እንዲታከልበት ያዛል። ባለሙያው ይህን «ርካሹን አምጡ» እንደማለት ይወስደዋል። በእኔ አስተያየት ግን ሕጉ ያስቀመጠው ግዴታ የካታሎጉን ሥራ የሚያጠናክር ነው፤ ተመጣጣኝ ማለት በምን እንደሆነ የሚወስነው ሰው አስቀድሞ ካልተናገረ ሻጩ ይናገርለታል። ብሬከር ሲጠየቅ አምፔሩ፣ የመቁረጫ ባሕርዩ፣ የፖሉ ብዛትና የሚቀመጥበት ሳጥን ዓይነት ከተጻፈ ተመጣጣኝነቱ ይለካል። «16 አምፔር ብሬከር» ከተባለ ግን ከሳጥኑ ጋር የማይገጥመውም ተመጣጣኝ ነኝ ብሎ ይቀርባል።

ሁሉም ዕቃ እኩል አስቸጋሪ አለመሆኑ ሥራውን ያቀለዋል። አንዳንዱ ስሙን ይዞ ተወልዷል። ኩሽኔታ (ቤሪንግ) 6205 ከተባለ በወልድያም፣ በመርካቶም፣ በሌላ አገርም ውስጡ 25፣ ውጭው 52፣ ውፍረቱ 15 ሚሊሜትር ነው፤ ከቁጥሩ በኋላ ያለው ምልክት ደግሞ በሁለቱም ጎን የጎማ መሸፈኛ እንዳለው ወይም እንደሌለው ይነግራል። የውሃ ፓምፕ ሞተር ውስጥ ያለውን ኩሽኔታ ቁጥር አንድ ጊዜ ጽፎ ማስቀመጥ የአንድ ሰዓት ሥራ ነው፤ ያልተጻፈ እንደሆነ ግን ፓምፑ በተቃጠለ ዕለት፣ ውሃ በሌለበት፣ ተፈትቶ ነው የሚነበበው። ቺንጋም እንዲሁ በላዩ የታተመ ቁጥር አለው። በሁለተኛው ረድፍ የሚገኙት አምራቹ ብቻ የሚያውቃቸው ናቸው፤ የጄኔሬተር ማጣሪያ፣ የሊፍት ካርድ፣ የፓምፕ «ሲል» (ውሃ እንዳያፈስ የሚያትመው ክፍል)፤ ለእነዚህ ከማሽኑ ስም ሰሌዳ ላይ ሞዴሉና የሴሪ ቁጥሩ በፎቶ ተነሥቶ መቀመጥ አለበት፤ ሰሌዳው በቀለም ቅብ ከመሸፈኑ በፊት ቢሆን ይመረጣል።

ሦስተኛው ረድፍ ለእኛ አካባቢ ሰፊው ነው፤ ከደሴና ከኮምቦልቻ ብረታ ብረት ቤቶች የሚወጣው የቱቦላሬና የላሜራ ሥራ። በሩ፣ መስኮቱ፣ የደረጃው ድጋፍ፣ የውሃ ታንከሩ መቆሚያ በየቤቱ ባለሙያ ልክ የተሠራ ስለሆነ ምንም ዓይነት ቁጥር የለውም። ማጠፊያው ሲሰበር የሚመጣው ሌላ ማጠፊያ በሩን አይዘጋም። የጣሊያን ዘመን ቤቶችን ወርሰው የሚጠቀሙ መሥሪያ ቤቶችም የበር መቆለፊያቸውና የመስኮት ክፈፋቸው ልክ ዛሬ ገበያ ላይ ስለማይገኝ ከዚሁ ረድፍ ይገባሉ። ለእንዲህ ዓይነቱ ዕቃ ካታሎግ ማለት ሥዕል ነው፤ ልኬቱ የተጻፈበት በእጅ የተሣለ ንድፍ፣ ከጎኑም ማስመሪያ ተደርጎ የተነሣ ፎቶ። በዚህ ላይ የውጭ አገር የካታሎግ ፕሮግራሞች ብዙም አይረዱም፤ የተሠሩት ዕቃ ሁሉ የፋብሪካ ቁጥር አለው ብለው ነውና።

ስለ አሰያየም የሚነሣው ክርክር ከሚገባው በላይ ጊዜ ይወስዳል። አሮጌው ባለሙያ ቡሎንና ዳዶ ይላል፤ ከቴክኒክና ሙያ የወጣው ወጣት ቦልትና ነት ይላል፤ ግዥ ክፍሉ ደግሞ ብሎን ብሎ ይጽፋል። የትኛው ትክክል ነው የሚለውን መተው ይሻላል። አንድ መደበኛ ስም ተመርጦ ሌሎቹ ሁሉ መፈለጊያ ሆነው በጎኑ ይመዝገቡ፤ የሚፈልገው ሰው በየትኛውም ስም ቢመጣ ያው ዕቃ ላይ ይድረስ። መደበኛው ስም ከዋናው ነገር ይጀምርና ወደ ዝርዝሩ ይውረድ፦ «ኤልቦ፣ ፒፒአር፣ 25 ሚሊሜትር፣ 90 ዲግሪ»። እንዲህ ሲሆን በፊደል ተራ ሲደረደር ኤልቦዎቹ ሁሉ አንድ ቦታ ይሰበሰባሉ፤ «ባለ 25 የፕላስቲክ ኤልቦ» ተብሎ ከተጻፈ ግን በ«በ» ሥር ይጠፋል። የመለያ ቁጥሩን በተመለከተ፣ በተባበሩት መንግሥታት ማዕቀፍ የወጣው ባለ 8 አሃዝ የዕቃና የአገልግሎት ምደባ አለ፤ ሁለት ሁለት አሃዝ በአራት ደረጃ እየወረደ ዕቃውን ከሰፊው ዘርፍ ወደ ዓይነቱ ያደርሳል። ለምደባ መጠቀሙ ጥሩ ነው። ሆኖም የሚያቆመው ከዕቃው ዓይነት ላይ ስለሆነ 20ውን ከ25ቱ አይለይም፤ የተቋሙ የራሱ ተራ ቁጥር የግድ ያስፈልጋል። ይህ ተራ ቁጥር ትርጉም እንዲይዝ ባይደረግ ይመረጣል፤ ሕንፃውን፣ ክፍሉንና የዕቃውን ዓይነት በአንድ ቁጥር ውስጥ ያጨቀ ኮድ ዕቃው ከሕንፃ ሕንፃ በተዘዋወረ ማግሥት ሐሰት ይናገራል።

መለኪያውም ያደናግራል። ፌሮ በበርጋ ይጠየቃል፣ በኪሎ ይከፈላል፣ በሜትር ይቆረጣል፤ ባለ 12 ሚሊሜትሩ በሜትር 0.888 ኪሎ ስለሚመዝን የ12 ሜትር በርጋው 10.66 ኪሎ ነው፤ ይህ ማዛወሪያ በካታሎጉ ውስጥ ካልተቀመጠ ቀሪው መቼም አይገጥምም። ሽቦ በጥቅል ገብቶ በሜትር፣ ቀለም በጋሎን ገብቶ በጣሳ ይወጣል። ለእያንዳንዱ ዕቃ የመግዣና የማውጫ መለኪያ ለየብቻ ሊጻፍ ይገባል፤ ከዚህ በላይ የሚባል ነገር የለውም።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ እንምጣ፤ ይህን ሁሉ የሚጽፈው ማን ነው? በአብዛኛው ተቋም ካታሎግ ይሠራ ሲባል ሥራው ለንብረት ወይም ለግዥ ክፍል ይሰጣል፤ ምክንያቱም ኮምፒዩተሩ፣ ኤክሴሉና ደረሰኙ ያሉት እነሱ ዘንድ ነው። ውጤቱም የደረሰኝ ዝርዝር ይሆናል፤ የተገዛው ሁሉ በተገዛበት ስም ይሰፍራል፤ አንድ ዓይነት ዕቃ በአምስት ደረሰኝ ከመጣ አምስት መስመር ይይዛል። ግዥ ክፍሉ ይህን ማድረጉ ጥፋቱ አይደለም፤ ዕቃው የት እንደሚገጥም የማወቅ ዕድል የለውም። የት እንደሚገጥም የሚያውቀው የጥገና ሠራተኛ ደግሞ እንዲጽፍ አይጠየቅም፤ ቢጠየቅም ሥራው ቧንቧ መጠገን እንጂ ጽሕፈት እንዳልሆነ ይናገራል። ጡረታ ሲወጣ ወይም የተሻለ ደመወዝ አግኝቶ ሲሄድ ግን የግቢው ካታሎግ አብሮት ይወጣል። የካታሎጉ ባለቤትነት ለጥገና ክፍል ተሰጥቶ፣ የመጻፉ ሥራ በሥራ ዝርዝሩ ውስጥ ገብቶ፣ ጊዜም ተመድቦለት ካልሆነ በስተቀር ምንም ዓይነት ፕሮግራም ቢገዛ ለውጥ እንደማያመጣ አምናለሁ። አዲስ መስመር ለመክፈትና ምትክን ለማጽደቅ የጥገና ኃላፊው ይፈርም፤ ዋጋውንና አቅራቢውን ግዥ ክፍሉ፣ ቦታውንና ቀሪውን ግምጃ ቤቱ ይሙላ። ሦስቱ በአንድ መዝገብ ላይ ይጻፉ እንጂ አንዱ የሌላውን አይሙላ።

በወሎ ይህን ጉዳይ ከሌላው ጊዜ ይበልጥ አጣዳፊ የሚያደርጉት ያለፉት ዓመታት ናቸው። በ2014 ዓ.ም. ጥቅምት እና ኅዳር ጦርነቱ ደሴንና ኮምቦልቻን ሲያጥለቀልቅ ሆስፒታሎች፣ ዩኒቨርሲቲና ፋብሪካዎች ተዘርፈዋል፣ ወድመዋል። የመልሶ ግንባታ ጥያቄ የሚቀርበው የጠፋውን በመዘርዘር ነው፤ ቢን ካርዱ ከዕቃው ጋር በአንድ ክፍል ውስጥ በሚቀመጥበት አሠራር ደግሞ ዕቃው ሲጠፋ ምን እንደነበረ የሚናገረውም አብሮ ይጠፋል። የካታሎጉ ቅጂ ከግምጃ ቤቱ ውጭ፣ ቢቻል ከከተማውም ውጭ መቀመጥ አለበት። በሌላ በኩል ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በክልሉ ሰፊ ክፍል የሞባይል ዳታ ለብዙ ወራት ተቋርጦ መቆየቱ በኢንተርኔት ላይ ብቻ የሚሠራ መዝገብ ለዚህ አካባቢ እንደማይሆን አሳይቷል። ያለ ኢንተርኔት የሚሠራ፣ ሲገናኝ የሚታረቅ፣ በየሩብ ዓመቱም በወረቀት የሚታተም መሆን አለበት። የሶፍትዌር ሻጮች ይህን ሲሰሙ ፈገግ ይሉ ይሆናል፤ የታተመው ግን በመብራት መጥፋትም ይነበባል።

የመንገዱ ሁኔታ የክምችት ስሌትን በቀጥታ ይነካል። የማዘዣ ነጥብ የሚባለው ከትዕዛዝ እስከ ርክክብ ባለው ጊዜ ውስጥ የሚፈጀው መጠን ሲደመር የመጠባበቂያው ነው። ለምሳሌ በወር 12 ፍሎተር (ታንከር ሲሞላ ውሃውን የሚዘጋ ተንሳፋፊ) የሚጨርስ ግቢ ዕቃው ከአዲስ አበባ በ45 ቀን የሚደርሰው ከሆነና 6 በመጠባበቂያ ቢይዝ፣ 18 እና 6፣ በድምሩ 24 ሲቀረው ማዘዝ አለበት። መንገዱ ተዘግቶ ወይም ግዥው ተጓትቶ ጊዜው 90 ቀን ከሆነ ያው ነጥብ 36 እና 6፣ ማለትም 42 ይሆናል። ከአዲስ አበባ ደሴ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በሰላም ጊዜ የአንድ ቀን መንገድ መሆኑ በስሌቱ ውስጥ ብዙም ቦታ የለውም፤ ጊዜውን የሚወስደው ማጽደቁ፣ ፕሮፎርማውና የክፍያ ትዕዛዙ ስለሆነ መለካት ያለበት ከጥያቄው ፊርማ እስከ ሞዴል 19 ያለው ነው። ሁለቱም ቀኖች በወረቀቱ ላይ አሉ፤ ቀንሶ የሚጽፋቸው ሰው ነው የጠፋው።

ብዙ የሚፈጀውን ዕቃ ማከማቸት ግን ሁልጊዜ ትክክለኛው ውሳኔ አይደለም። ደሴ ሰኞ ገበያ አካባቢ በየሱቁ የሚገኘውን አምፖልና ቴፍሎን በግምጃ ቤት መከመር ገንዘብን ማሰር ነው። ሊከማች የሚገባው በዓመት አንድ ጊዜ የሚፈለግ ቢሆንም ሲጎድል ሥራ የሚያቆም ነው፤ የኦክስጅን ክፍሉ ጄኔሬተር ማጣሪያ፣ የዋናው ፓምፕ ሲልና ኩሽኔታ፣ መሬቷ በመንሸራተት በምትታወቅ ከተማም የተቀበረው ዋና መስመር ሲበጠስ የሚያስፈልገው ዩኒየንና የመጠገኛ ክላምፕ። ስለዚህ በካታሎጉ ለእያንዳንዱ ዕቃ «ይህ ቢጠፋ ምን ይቆማል?» የሚል አንድ ዓምድ ይኑር። ይህን ዓምድ መሙላት የሚችለው ደግሞ፣ ቀደም ሲል እንደተባለው፣ ጥገናው ብቻ ነው።

ዋጋን በሚመለከት የማየው ልማድ አሳሳቢ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመኑ ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል፤ ከውጭ የሚገባ ብሬከር፣ ፓምፕና ፒፒአር ዋጋውም ተከትሎ ተነሥቷል። ካታሎግ ውስጥ ያለ ዋጋ ቀን ካልተጻፈበት ዋጋ አይደለም። ከዚያ በፊት የነበረን ዋጋ ይዞ የበጀት ጥያቄ ያዘጋጀ ክፍል የሚፈልገውን ግማሽ ያህል ይፈቀድለትና ዞሮ «ዕቃ የለም» ይላል። ቢያንስ ከውጭ የሚገባውና በአገር ውስጥ የሚመረተው በምልክት ቢለዩ፣ ለምሳሌ ኮምቦልቻ የሚመረተው ቆርቆሮ በአንድ ወገን፣ ከውጭ የሚመጣው የፓምፕ «ሲል» በሌላ ወገን ቢሆን፣ ምንዛሪ በተለወጠ ቁጥር የትኞቹን መስመሮች መከለስ እንደሚገባ ይታወቃል። የአገር ውስጡም ጥሬ ዕቃው ከውጭ መሆኑ ሳይዘነጋ ነው።

ከየት ይጀመር ለሚለው፣ ከግምጃ ቤቱ መጀመር የተለመደ ቢሆንም አይመከርም። ግምጃ ቤት ውስጥ ያለው ትናንት የተገዛው ነው፤ የሚያስፈልገው ሕንፃው ላይ የተገጠመው ነው። አንድ ሕንፃ ተመርጦ፣ የጥገና ሠራተኛውና አንድ ጸሐፊ ከጣሪያ እስከ ሴፕቲክ ታንክ አብረው ሄደው፣ የተገጠመውን እያዩ ቢጽፉ የአንድ መካከለኛ ሕንፃ ዝርዝር ከጥቂት መቶ መስመር አይበልጥም። ቀጥሎ ያለው ሕንፃ ከዚያ ያነሰ ይጨምራል፤ ብዙው ይደገማልና። ግምጃ ቤቱ መጨረሻ ላይ ከዚህ ጋር ሲነጻጸር የትኛውም ሕንፃ ላይ የማይገጥመው ዕቃ ራሱን ያሳያል፤ ያ የአወጋገድ ኮሚቴ ሥራ ነው።

ይህ ሁሉ የተባለው ግምጃ ቤትና የጥገና ክፍል ስላላቸው ተቋማት ነው። በደሴና በኮምቦልቻ ያሉት የጋራ መኖሪያ ቤቶች ግን ሁለቱም የላቸውም፤ ያላቸው ኮሚቴና በየጊዜው የሚለዋወጥ ሰብሳቢ ነው። ለእነሱ ካታሎጉ ከሁለት ገጽ አይበልጥም፦ የፓምፑ ሞዴልና የኩሽኔታው ቁጥር፣ የታንከሩ ፍሎተር መጠን፣ የዋናው መዝጊያ ቦታና ስፋት፣ የማከፋፈያ ሳጥኑ ብሬከሮች፣ የጣሪያው ቆርቆሮ ውፍረት በሚሊሜትር። አሁን ይህ መረጃ ካለ ያለው በቀድሞው ሰብሳቢ ስልክ ውስጥ በተነሣ ፎቶ ነው። ርክክብ ሲደረግ ከማኅተሙና ከባንክ ደብተሩ ጋር ይህም ወረቀት በቃለ ጉባኤ ተመዝግቦ መሰጠት ይኖርበታል።